ከሰኔ ድምፅ እስከ ነሐሴ ሙልሙል

በደብረ ታቦር ከተማ፣ በፋርጣ፣ በጉና በጌምድር፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእብናት፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ ሆናችሁ ለምትሰሙኝ ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ምርጫ ነው። ለእገሌ ድምፅ ስጡ፣ ለእገሌ አትስጡ አልልም፤ ያ የእናንተ ነው። ድምፃችሁን ፈልጎ ደጃችሁ የሚመጣውን ዕጩ ስለ ምግብ ምን ብላችሁ ልትጠይቁት እንደሚገባ ነው የምናወጋው።

ከከተማችን ስም ልነሣ። ደብረ ታቦር ከከተማነቱ በፊት በዓል ነው፤ ነሐሴ 13፣ ቡሄ። ያን ዕለት ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ በየደጁ ይጨፍራሉ። እናቶችም ከዋዜማው ባቦኩት ሊጥ ሙልሙል ጋግረው ይጠብቋቸዋል። ዱቄት ያለቀባት እናት ከጎረቤት ተበድራ ትጋግራለች እንጂ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አትመልስም።

አሁን ደግሞ ወሩን አስቡት። ነሐሴ በደጋው ያለፈው ዓመት ገብስ አልቆ፣ እናት ጎንበስ ብላ የጎታውን ሥር በመጥረጊያ የምትጠርግበት ወር ነው። አዲሱ ገብስ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ነገር ግን ገና ለምለም ነው። ገበያ ላይ እህል አይጠፋም፤ ዋጋው ግን ከታኅሣሡ ጋር አይገናኝም። በታኅሣሥ ዕዳ ለመክፈል እህሉን በርካሽ የሸጠ ገበሬ፣ በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። አባቶቻችን ለልጅ ዳቦ ሳይሰጡ የማያልፉት በዓል እህል ከጎታ በሚጠፋበት ወር መዋሉን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ምርጫውስ መቼ ይውላል? የ1997ቱ ግንቦት 7 ነበር። የ2002ቱ ግንቦት 15፣ የ2007ቱ ግንቦት 16፣ የ2013ቱ ደግሞ ሰኔ 14። እንግዲህ ግንቦትና ሰኔ በእኛ አገር ምን ጊዜ እንደሆነ ገበሬ አይነገረውም። ማሳ የሚታረስበት፣ ዘር የሚፈለግበት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጅ ለማዳበሪያ ወረፋ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ጎተራውም መጉደል ጀምሯል። ዕጩ ወደ መራጭ የሚመጣው መራጩ ኩንታል ዩሪያ ብቻ በሚያስብበት ሰሞን ነው ማለት ነው። በዚያ ሰሞን «ማዳበሪያ ይመጣል» ያለ ሰው ጆሮ ያገኛል። የእርዳታ ስንዴ ወሬ ይዞ የመጣም ጆሮ ያገኛል። እኔ ግን ከዚያ አልፈን እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ምግብ የአንድ ሰሞን ጉዳይ አይደለም። ከማሳ እስከ ሕፃን አፍ ድረስ ረጅም መንገድ አለው፤ መንገዱም በየቦታው ይሰበራል።

መንገዱ የት የት እንደሚሰበር ለማየት ከጉና አንሥቶ የጉማራን ወንዝ ተከትለን እንውረድ።

ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዞናችን ራስ ነው። ርብም ጉማራም ከዚያው ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በጉና ግርጌ ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ትሪቲካሌና ግብጦ ይዘራል። አፈሩ ግን ታሟል። ለብዙ ዘመን ዝናብ ሲያጥበው፣ ያለ ዕረፍት ሲታረስ፣ አሲዳማ ሆኗል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲድ ያጠቃው እንደሆነ ይነገራል፤ የእኛም ደጋ ከዚያው ነው። አሲዳማ አፈር ላይ ከተጨመረ ማዳበሪያ ፎስፈረሱ አብዛኛው በአፈሩ ውስጥ ባሉት ብረትና አሉሚኒየም ይያዛል፤ ሥሩ አያገኘውም። ገበሬው በብድር ከገዛው ማዳበሪያ ከፊሉ መሬት ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ሄክታር ሃያም ሠላሳም ኩንታል ኖራ ሊያስፈልግ ይችላል። የኖራ ፋብሪካው ደጀን ነው። ከደጀን ደብረ ታቦር በመኪና ይመጣል እንበል፤ ከዚያስ? ክረምት ከበጋ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ሠላሳ ኩንታል በአህያ ስንት ምልልስ ይሆናል?

ስለዚህ በጉና ግርጌ ያለ መራጭ ዕጩውን «ምርት ታሳድጋለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ «አዎ» ነው፤ «አላሳድግም» የሚል ዕጩ አልተወለደም። «የኖራውን ማጓጓዣ ማን ይከፍላል? በየትኛው ዓመት በጀት? እስከ የትኛው ቀበሌ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ዕጩው ማሰብ ይጀምራል።

በአንድ ወረዳ አዳራሽ የተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ተቀምጬ የሰማሁትን ላጫውታችሁ። ተናጋሪው ስለ ምርታማነት ብዙ ተናገረ፤ ድንችን በሄክታር ስንት ኩንታል ማድረስ እንደሚቻል በቁጥር አስረዳ። ጭብጨባው ሲያበቃ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ጥሩ ተናገርክ። አሳድገህ የት ልታስቀምጠው ነው?» አሉና ቁጭ አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

አዛውንቱ የነኩት ትልቅ ነገር ነው። ድንች እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ ዓመት አይቆይም። ሁሉም ባንድ ሰሞን ሲቆፍር ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው የጆንያውንና የአህያውን ኪራይ አልሸፍን ይላል። ብዙ ገበሬ መላ ሲያጣ ድንቹን ሳይቆፍር መሬት ውስጥ ያቆየዋል፤ መሬቱን እንደ ጎተራ ይጠቀምበታል። ይህ ብልሃት ነው፤ ግን መሬቱ ለሚቀጥለው ሰብል አይለቀቅም፣ ድንቹንም ትል ያገኘዋል። አየር የሚያስገባ፣ ለዘር ድንች ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ማከማቻ በየቀበሌው መሥራት ከባድ ጥበብ አይፈልግም። እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ መደርደሪያና የሚከታተለው ማኅበር ይፈልጋል። የመንግሥት ሪፖርት የተመረተውን ኩንታል አጉልቶ ይቆጥራል፤ የበሰበሰውን ግን ማን እንደሚቆጥረው ጠይቁ።

ጉማራን ይዘን እንቀጥል። ቁልቁል እንሂድ፤ ፎገራ ሜዳ እንግባ።

ፎገራ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ድሮ በላሙ የሚታወቅ ሜዳ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ሩዝ ገባ፤ ዛሬ ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው። ወረታ ላይ አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሟል። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ሆኗል፤ ይህ የገበሬውና የእናቶች ፈጠራ ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። እንዲህም ሆኖ ኢትዮጵያ ከምትበላው ሩዝ አብዛኛውን ከውጭ ነው የምትገዛው። ሽንኩርቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ዓመት ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ሽንኩርት ይተክልና ከማሳ የሚያነሣው ደላላ ይጠፋል።

እዚያው አጠገብ የርብ ግድብ አለ። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረ፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም 20 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ግድብ ብቻውን ግን ገበሬ አያጠጣም። ከግድቡ ማሳ የሚያደርሰው ቦይ ነው፤ የቦዩ ሥራ ደግሞ ከግድቡ ኋላ ብዙ ዓመት ተጓትቷል። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ፎገራ መጥቶ ስለ ርብ ቦይ አንድም ቃል ሳይናገር ከሄደ፣ ሰውዬው የመጣበትን አገር አላየም ማለት ነው።

ከጉና ማዶስ? ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እብናት። እዚያ አብዛኛው ውሃ ወደ በሽሎና ወደ ተከዜ ይሸሻል እንጂ ወደ ጣና አይመጣም። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ይወጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት የሚባለውን ቃል የእነዚህ ወረዳዎች ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ቤተሰቡ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ በምትኩ ብር ወይም እህል ያገኛል። ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ የተራቆተ ተራራም አልብሷል። ክፍያው ሲዘገይ ግን ትርጉሙን ያጣል። ለመጋቢት የታሰበ ብር በሐምሌ ቢመጣ፣ እናትየው በመካከሉ በጓን ሸጣለች፤ የሸጠችው በግ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ተስፋዋ ነበር። «ተመረቁ» ተብለው ከሴፍቲኔት የወጡ ቤተሰቦች ከወጡ በኋላ ማን እንደሚያያቸውም መጠየቅ አለበት። በ2013 ክረምት ምርጫው በተደረገ በሁለት ወር ውስጥ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ የስንቱን ጎተራ እንዳራቆተ የዚያ አገር ሰው አይረሳውም። ከ2015 ወዲህም በክልላችን ያለው ግጭት ማዳበሪያውን፣ እህሉንና ነጋዴውን መንገድ ላይ ያስቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰላም ሳይወራ ስለ ምግብ ማውራት አይቻልም፤ ዕጩውም ሁለቱን ለያይቶ እንዳያወራ አትፍቀዱለት።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያልደረሱ፣ የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ። ያኔ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ድንች ለሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚልክ ክልል ነው። መቀንጨር የቁመት ነገር ብቻ አይደለም። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት አንድ ሺህ ቀናት የጎደለው ምግብ የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይታያል፣ ጎልማሳ ሆኖም ይከተለዋል።

እህል እያለ ልጅ እንዴት ይቀነጭራል? ፋርጣ ውስጥ ከአንዲት እናት ጋር ወደ ገበያ የሄድኩበትን ቀን ላንሣ። በአገልግሏ ጭድ ጎዝጉዛ አሥራ አራት እንቁላል ደርድራለች። ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል፤ በእጁ የተቀቀለ ድንች ይዟል፣ ፊቱ በድንች ተለውሷል። እንቁላሉን ሸጠች፤ ዘይት፣ ጨው፣ ለታላቂቱ ሁለት ደብተር ገዛች። «እትዬ፣ አንዱን ለዚህ ልጅ ብታስቀሪለትስ?» አልኳት። ዘወር ብላ አየችኝና «ወንድሜ፣ አንዱን ለእሱ ባስቀር የእህቱ ደብተር አንድ ይሆናል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስለ ሕፃን አመጋገብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነገረቻትን አንድ በአንድ ታውቀዋለች።

በጾም ወራት የሚሆነውንም በግልጽ እንነጋገር። ሕፃን ጹም የሚለው የለም፤ ካህናቱም ይህንን ያስተምራሉ። ነገር ግን ዕቃ ይነካካል እየተባለ ወተትና እንቁላል ከቤቱ ሲጠፋ ሕፃኑም አብሮ ይጾማል። ለዚህ ዕጩ አያስፈልግም፤ ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ጣባና አንዲት ድስት ይበቃሉ። የቀረው ግን በጀት የሚፈልግ ነው።

መንግሥት ቃል ያልገባበት ጉዳይ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሰቆጣ ቃል ኪዳን ታወጀ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ። ሰቆጣ ዋግ ኽምራ ናት፤ ጎረቤታችን። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሕዝቡ ምግብ እንዲያገኝ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ይደነግጋል። የምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው። ከ2013ቱ ቀጥሎ የሚመረጠው ምክር ቤት ወንበሩ ላይ እያለ ነው የሰቆጣው ቀነ ገደብ የሚደርሰው። ስለዚህ በዚህ ምርጫ የሚወዳደር ሁሉ ስለዚህ ቃል ኪዳን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ የእናንተ መብት ነው።

የምርጫ መድረክ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የወሎውን የ1965 ረሃብ አስታውሱ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን መርምሮ እንዳሳየው፣ ሰው በወሎ ሲረግፍ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህልም ነበር። ሰው የሞተው መግዣ ስላጣ ነው። መንግሥቱ ደግሞ ነገሩን ደበቀ፤ የሚጠይቀው ጋዜጣና በድምፁ የሚያወርደው መራጭ አልነበረውም። በ1997ቱ የምርጫ ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀጥታ ሲተላለፍ፣ መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል ተብሎ ሲሟገቱ አገሩ ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ነበር። ያን ጊዜ ገበሬው ጉዳዩ ጉዳይ ሆኖ ሲወራ ሰማ። እኔ ከማስታውሰው ግን ሙግቱ መሬቱ ላይ ቆመ፤ እስከ ሕፃኑ ሳህን አልወረደም።

በሌላ አገር የወረደበት አለ። ብራዚል ውስጥ ሉላ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመረጡ ዋና ቃላቸው እያንዳንዱ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይብላ የሚል ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ ወጣ፤ ለተማሪዎች ምገባ ከፌዴራል መንግሥት ከሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ምርት እንዲገዛበት። እስቲ ይህን ወደ እኛ አምጡት። የደብረ ታቦርና የጋይንት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ምሳ ቢበላ፣ ድንቹና ባቄላው ከጉና፣ ሩዙ ከፎገራ ቢገዛ፣ ያ ዋጋ ያጣው ድንች ገበያ አገኘ ማለት አይደለም? አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተማሪዎችን ምገባ በከተማው በጀት እያካሄደች ነው። ይህ ለደጋው ልጅ የማይቻልበት ምክንያት ካለ ዕጩው ይንገረን። ሕንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 በማድራስ ግዛት አናዱራይ የሚባል ሰው በአንድ ሩፒ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ ብሎ ተወዳደረ፤ አሸነፈም። ሥልጣን ላይ ሲወጣ መስጠት የቻለው አንድ መስፈሪያ ነው፤ እሱም በጥቂት ከተሞች። ቢሆንም ቃሉ መስፈሪያ ነበረው፤ ሕዝቡም ስንት እንደጎደለ ማወቅ ችሏል። «ድህነትን እናጠፋለን» ያለን ሰው ግን በምን ትሰፍሩታላችሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረው የማዳበሪያ ግዢን፣ የሴፍቲኔትን፣ እንደ ርብ ያለውን ትልቅ መስኖና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ይመለከታል። በ547ቱ መቀመጫ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው፤ ቀላል አይደለም። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደረው የግብርና ቢሮውን፣ የጤና ቢሮውን፣ የገጠር መንገዱን፣ ኖራውን፣ ወደ ወረዳ የሚወርደውን በጀት ነው። የክልሉን ዕጩ የፌዴራሉን ከጠየቃችሁት «የእኔ ሥልጣን አይደለም» ብሎ ያመልጣችኋል። በ2015 ክረምት መግቢያ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ አቤት ሲሉ፣ ጥፋቱ የግዢው ነው፣ የማጓጓዣው ነው፣ የሥርጭቱ ነው ሲባል የሰማነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ላላችሁኝ፣ የሚቻል ነገር ልንገራችሁ። ዕድር አላችሁ፣ ሰንበቴ አላችሁ፣ ማኅበር አላችሁ። ሁሉም ጸሐፊና መዝገብ አለው። ከምርጫው በፊት ተቀመጡና የአካባቢያችሁን ሦስት ጥያቄ ምረጡ፤ ከሦስት አይብለጥ። ጋይንት ከሆናችሁ የሴፍቲኔት ክፍያው ወር ይሁን። ጉና ከሆናችሁ ኖራውና የድንች ማከማቻው። ፎገራ ከሆናችሁ ቦዩና የሽንኩርቱ ገበያ። ከተማ ከሆናችሁ የጤፉ ዋጋና የተማሪው ምሳ። ለሴቶቹ ቅድሚያ ስጡ፤ ጎታውን የሚጠርጉት እነሱ ናቸውና ጥያቄውን የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። የሁሉንም ፓርቲ ዕጩ፣ የግል ተወዳዳሪውንም ጭምር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። መልሱን በመዝገቡ ላይ ጻፉት፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ የሰጠውን ቁጥር።

መዝገቡን የምትከፍቱበትንም ቀን ልጠቁማችሁ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። በሰኔ የተመረጠ ሰው የተወካዮች ምክር ቤት የሚገባው ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲከፈት ነው። የዚያን ዓመት በጀት ያጸደቀው የቀድሞው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቡሄ አትጠይቁት፤ ገና ወንበሩን አልያዘም። በሁለተኛው ቡሄ የራሱ የመጀመሪያ በጀት ጸድቋል፤ የነገራችሁ ነገር በጀቱ ውስጥ መግባቱን ያኔ ጠይቁ። በሦስተኛው ቡሄ አንድ ሙሉ ዓመት አልፏል። ልጆቹ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሲሄዱ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ደጅ ይውጣና ያንን ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ኖራው የደረሰበት ቀበሌ፣ ክፍያው የመጣበት ወር፣ ቦዩ የደረሰበት ማሳ።

ሦስቱን ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እያነበብን እንወያይባቸዋለን።